«ደንብ ነው»፦ በመዝናኛ ሥፍራዎች ስለሚገኙ ግራ አጋቢ ደንቦች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች ስለ ደኅንነት ደንቦች አንድ ንግግር እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስደክምበት ስለኖርሁት ስለ ክሬንና ስለ ቦይለር እናገራለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። የመረጥሁት ርእስ ግን ከዚያ ቀለል ያለ መስሎ ይታያል፤ ይኸውም በመዝናኛ ሥፍራዎች በር ላይ ተለጥፈው ስለምናያቸው፣ አንዳንዶቹም ከቶ ሳይለጠፉ ስለሚሠሩ፣ ግራ የሚያጋቡ ደንቦች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት ነው። የሰባት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ከምንኖርበት ከተማ ርቆ ወደሚገኝ አንድ መዝናኛ ሥፍራ ሄድሁ። ሮለር ኮስተር የሚባለውን፣ በሐዲድ ላይ ሽቅብ እየተጎተተ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረውን ሠረገላ ለመሳፈር ከአርባ ደቂቃ በላይ በፀሐይ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ አንድ ወጣት አስተናጋጅ ልጅቱን ቀለም በተቀባ እንጨት አጠገብ አቆማትና ከምልክቱ ሁለት ጣት ያህል እንደምታንስ አሳየን። አንገቷን መዝዛ እንደገና ቆመች፤ ሁለቱ ጣት ግን አልሞላም። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ብጠይቀው ወጣቱ በትሕትና «ደንብ ነው፣ ጌታዬ» አለኝ። ስንመለስ ልጅቱ እያለቀሰች «አባባ፣ ሁለት ጣት ብጨምር ምን ይለወጣል?» አለችኝ። ከአርባ ዓመት በላይ በብረትና በሚዛን ሙያ የኖርሁ ሰው እዚያው ቆሜ የምሰጣት መልስ አጣሁ። ከዕንባዋ ይልቅ ያሳፈረኝ ይህ ነው።

መልሱን ከቤቴ ገብቼ ፈለግሁት። ሠረገላው ከኮረብታው ጫፍ አልፎ ቁልቁል ሲወረወር የተሳፋሪው አካል በጀመረው አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ላይ መሄዱን ለመቀጠል ይሻል። በዚያች ቅጽበት ሰውን የሚይዘው መቀመጫው ሳይሆን በጭኑ ላይ ወይም በትከሻው ላይ የሚወርደው የብረት ማገጃ ነው። ማገጃው ደግሞ የተሠራው ለአንድ ለተወሰነ የአካል መጠን ነው። በአንዳንዱ ሠረገላ አንድ ማገጃ ለሁለት ተሳፋሪ የሚያገለግል ስለሆነ፣ ከወፍራም አባቱ ጎን የተቀመጠ ሕፃን ማገጃው በአባቱ ጭን ላይ ሲቆም በእርሱና በብረቱ መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል። እንግዲህ እውነተኛው ጥያቄ የጭን ውፍረት፣ የዳሌ አቀማመጥ፣ የወገብ ርዝመት፣ እንዲሁም ዝም ብሎ የመቀመጥ ልቡና ነው። ይህን ሁሉ ሺሕ ሰው በተሰለፈበት በር ላይ መመዘን ስለማይቻል ቁመት የእነዚህ ሁሉ ወኪል ሆኖ ተመረጠ። በብዙ ሥፍራ የምናየው 48 ኢንች፣ ማለት 122 ሳንቲ ሜትር፣ የመጣው ከዚህ ነው። ወኪል እንደ መሆኑ ጥቂት በደል መፈጸሙ አይቀርም፤ ሁለት ጣት የጎደላት ልጅ ምናልባት ከአደጋ ነጻ ነበረች። ይሁን እንጂ ምልክቱ አንድ ቦታ መቆም አለበት።

መጀመሪያ እንዲህ ያለ እንጨት አላስፈለገም። በ1884 በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ ላማርከስ ቶምሰን የተባለ ሰው የከፈተው ሠረገላ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዝ ነበር፤ ዋጋውም 5 ሳንቲም ነበር። በ1895 በዚያው አካባቢ ሠረገላውን ወደ ላይ አዙሮ የሚገለብጥ ሐዲድ ሲሠራ ግን፣ ሐዲዱ ፍጹም ክብ ስለነበረ ተሳፋሪው ወደ ክቡ ሲገባ በድንገት የሚያርፍበት ግፊት አንገት ይጎዳ ነበር። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቨርነር ሽቴንገል በ1976 በካሊፎርኒያ ለተሠራው ሠረገላ የውሃ ጠብታ ቅርጽ ያለውን ሐዲድ እስኪነድፍ ድረስ ግልበጣው እምብዛም አልተስፋፋም። ፍጥነቱ ሲጨምር ደንቡም አብሮት ጨመረ።

እስካሁን ያልሁት የደንቡን ጠባቂዎች ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በበሩ ላይ የቆመው ሰሌዳ ምክንያቱን ስለማይናገር፣ ብልህ የሆነውንና ሞኝ የሆነውን፣ ሐሰተኛውንና ግፈኛውን ደንብ በዐይን መለየት አይቻልም። አራቱም አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተው፣ ሲጠየቁም «ደንብ ነው» ይላሉ።

በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የጃፓን መዝናኛ ሥፍራዎች ማኅበራት ባወጡት መመሪያ ጎብኚዎች በሠረገላው ላይ እንዳይጮኹ ተጠየቁ። ለመጮህ ገንዘብ የከፈለን ሰው አትጩህ ማለት ሠርገኛን አትዝፈን እንደ ማለት ነው፤ ብዙ ሰውም ሣቀበት። በፉጂ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ፉጂ ኪው የተባለው ሥፍራ ሁለት ኃላፊዎቹን ሙሉ ልብስ አስለብሶ፣ አፋቸውን በጭምብል ሸፍኖ፣ 79 ሜትር ከፍታ ባለው ሠረገላ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ እንዲሄዱ አደረገና ፊልሙን ለሕዝብ አሳየ። መጨረሻው ላይ በልባችሁ ውስጥ ጩኹ የሚል መልእክት ነበረው። ይህ ደንብ ለሰሚው ጆሮ እንግዳ ቢሆንም ምክንያቱ ለሁሉ ግልጽ ነበር፤ በሽታው ከአፍ በሚወጣ ጠብታ ይተላለፋልና። ስለሆነም ሰው እየሣቀም ቢሆን ተረዳው።

የካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በ1955 የተከፈተው ይህ ሥፍራ ወንዶች ሠራተኞቹ ሪዝና ጺም እንዳያሳድጉ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከልክሏል። በ1960ዎቹም ፀጉራቸውን ያስረዘሙ ወንዶች ጎብኚዎች ከበር ይመለሱ ነበር። መሥራቹ ዋልት ዲዝኒ ራሱ ባለ ሪዝ ነበር፤ በገዛ ሥፍራው ተቀጣሪ ቢሆን ኖሮ መላጨት ግድ ይሆንበት ነበር ማለት ነው። ሪዝ በ2000፣ ጺም በ2012 ተፈቀደ። ከመካከላችሁ ጺማችሁን ያሳደጋችሁ ወንድሞች እንደምታዩት፣ ከዚያ ወዲህም ሥፍራው አልፈረሰም።

ከሁሉ ይልቅ ሙያችንን የሚመለከተው የካንሳስ ሲቲው ነው። በ2014 በዚያ ከተማ ከ51 ሜትር ከፍታ ሰው በጎማ ጀልባ የሚንሸራተትበት የውሃ መውረጃ ተከፈተ፤ ስሙም በጀርመንኛ እብድ ማለት ነበር። ጀልባዋ ሦስት ሰው ትይዛለች። ደንቡ የሦስቱ ክብደት በድምሩ ከ400 እስከ 550 ፓውንድ፣ ማለት ከ181 እስከ 250 ኪሎ ግራም እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ተራ ጠባቂው ሁሉ እየተመዘነ ይገባል። ቁጥር አለ፣ ሚዛን አለ፤ ይህን የሚያይ ሰው ከጀርባው የተጣራ ስሌት አለ ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። በ2016 አንድ የ10 ዓመት ልጅ በፊተኛው መቀመጫ፣ ሁለት ዐዋቂ ሴቶች ከኋላው ተቀምጠው ወረዱ። ድምሩ በተፈቀደው ልክ ውስጥ ነበር። ጀልባዋ ግን ከመውረጃው ተነሥታ መረቡን ከሚደግፉት ብረቶች ጋር ተጋጨች፤ ልጁም ሞተ።

ድምር አከፋፈልን አይናገርም። ቀላል ልጅ ከፊት፣ ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የክብደቱ ማእከል ወዴት እንደሚሄድ ከመካከላችን በወረቀት ቁራጭ ላይ አስልቶ ማሳየት የማይችል የለም። በ2018 የቀረበው ክስ ንድፉ በቂ የምሕንድስና ስሌት ሳይኖረው በሙከራ ብቻ እንደተሠራ ይናገር ነበር። በ2019 ዳኛው ክሱን የሰረዙት ለክስ አጽዳቂው ሸንጎ ሊቀርብ የማይገባው ማስረጃ ቀርቧል በማለት ስለሆነ፣ ጥያቄው በችሎት ሳይመረመር ቀረ። መውረጃውም ፈርሷል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ያ ሚዛን ነው። ሚዛኑ ባይኖር ኖሮ አንድ እናት ወይም አባት ምናልባት ይፈሩ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ፍርሃታቸውን አረጋጋው።

አሁን ወደ ቤታችን አጠገብ ልመለስ። ከዋሽንግተን ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በሜሪላንድ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ግለን ኤኮ የሚባል መናፈሻ አለ። ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ ታውቁታላችሁ። በዚያ ከ1921 ጀምሮ በክብ መድረክ ላይ የሚዞሩ 52 የእንጨት እንስሳት አሉ፤ 40 ፈረሶች፣ 4 ጥንቸሎች፣ 4 ሰጎኖች፣ ቀጭኔ፣ አጋዘን፣ አንበሳና ነብር። እኛ ወደዚህ አገር ከመምጣታችን በፊት በዚህ ሥፍራ የሚሠራው ደንብ ጥቁር ሰው እንዳይስተናገድ የሚከለክል ነበር። ለመግባት ክፍያ አልነበረም፤ ጥቁሮችን የሚከለክል ማስታወቂያም በቅጥሩ ውስጥ አልተለጠፈም። ማስታወቂያ በሌለበት ሥፍራ ደንቡን የሚያውቀው ጠባቂው ብቻ ነው።

በጁን 30 ቀን 1960 አብዛኞቹ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሆኑ ተማሪዎች ወደዚያ ሄዱ። አምስቱ ጓደኞቻቸው በገዙላቸው ትኬት በእንጨት እንስሳቱ ላይ ወጡ። ማሽኑ አልተነሣም። ጠባቂው መጥቶ የሥፍራውን ደንብ ነገራቸውና እንዲወጡ አዘዘ፤ ከተማሪዎቹ አንዱን ዘሩን ቢጠይቀው ተማሪው ዘሬ የሰው ዘር ነው ሲል መለሰ። አምስቱም ያለ ፈቃድ በሰው ይዞታ ተገኝታችኋል ተብለው ታሰሩ። ተማሪዎቹና በአቅራቢያው የሚኖሩ ነጮች በዚያ የበጋ ወራት በሩ ላይ ሰልፍ ይዘው ሰነበቱ፤ ሥፍራውም በ1961 ለሁሉም ተከፈተ። ክሱ ግን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1964 ተሻረ። ፍርዱ የቆመበት ነጥብ አስገራሚ ነው፤ ጠባቂው የግል ድርጅት ተቀጣሪ ቢሆንም የአውራጃው ሸሪፍ ረዳት ሆኖ ተሹሞ ምልክት ለብሶ ስለነበረ፣ ያስፈጸመው የባለቤቱን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን ሥልጣን ጭምር ነው ተባለ።

በዚያው ዓመት የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ እንዲህ ያለውን አድልዎ ከከለከለ በኋላም ብልኀት አልጠፋም። በአርካንሶ፣ በሊትል ሮክ አጠገብ የነበረው ሌክ ኒክሰን የተባለ መዝናኛ ሥፍራ ራሱን የግል ክበብ ነኝ አለ። የአባልነት መዋጮው 25 ሳንቲም ነበር! በየዓመቱ 100 ሺሕ ያህል ነጮች በዚህ መንገድ «አባል» ሲሆኑ ጥቁር የሆነ ሁሉ ግን አባልነት ተነፈገ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ሽፋኑን ገፈፈው። ሕጉ ሥፍራውን ለመድረስ ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ ነገር ማግኘት ስላስፈለገው፣ ዳኞቹ በመክሰስ ቤቱ የሚሸጠው ዳቦ የተጋገረበት እህልና የለስላሳው መጠጥ ቅመም ከየት እንደመጣ መረመሩ። ከዳቦው የተነሣ በሩ ተከፈተ ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ከመካከላችን ብዙዎች ደንብ ጸሐፊዎች ስለሆንን ነው። የማሽን መመሪያ፣ የሕንፃ መግቢያ ማስታወቂያ፣ የሠራተኛ ደኅንነት ትእዛዝ ከእጃችን ይወጣል። ከእያንዳንዱ ክልከላ በታች ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ብንጽፍ፣ መጻፍ የማንችልለትንም ደንብ መልሰን ብንመረምረው ምን ይከብዳል? ከብዶም አይቼዋለሁ። ምክንያት የተነገረው ሰው ምክንያቱ እኔን አይመለከትም ብሎ መከራከር ይጀምራል፤ ያ በትሕትና ያነጋገረኝ ወጣትም በቀን ከሺሕ አያቶች ጋር ሊከራከር አይችልም። ስለዚህ ውሳኔው የማይነካ፣ ምክንያቱ ግን የማይደበቅ ይሁን እላለሁ። በካንሳስ ሲቲው ሚዛን ሥር ምክንያቱን ለመጻፍ ብዕሩን ያነሣ መሐንዲስ ቢኖር ኖሮ የሚጽፈው እንደሌለው ያስተውል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ በነበረው ሳምንት የልጅ ልጄን ወደ ግለን ኤኮ ወሰድኋት። ስለ ማገጃውና ስለ ሁለቱ ጣት በመንገድ ላይ አስረዳኋት፤ ደስ ባይላትም ገባት። ጥንቸሏን መርጣ ወጣች። ማሽኑ እስኪነሣ ስንጠብቅ፣ አምስት ተማሪዎች እዚህ ተቀምጠው ሳይነሣላቸው እንደቀረ ነገርኋት።

«ለምን ብለው አልጠየቁም?» አለችኝ።

«ጠየቁ እንጂ» አልኋት፤ «መልሱ አራት ዓመት ፈጀ።»

ይህን ስላት ሙዚቃው ጀመረ፤ የጥንቸሏን አንገት በሁለት እጇ ያዘች።