48 ሰዓት፦ በሽብር ምርመራ የተጠርጣሪው መብትና የሕዝብ ደኅንነት



በሽብር ወንጀል ምርመራ የተጠርጣሪው መብትና የሕዝብ ደኅንነት ዘወትር እንደ ሁለት የሚዛን ጎኖች ይቀርቡልናል፤ አንዱ ሲከብድ ሌላው ይቀልላል ይባላል። ይህ አቀራረብ ዋናውን ጥያቄ ይሸፍንብናል። መብት በአስቸኳይ ምክንያት ሲዘገይ ያዘገየው ማን ነው? በየትኛው ሕግ? ለምን ያህል ጊዜ? ውሳኔውንስ ማን ይመረምረዋል? የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል።

በአንድ የውጭ ጉዳይ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2005 በለንደን በደረሰ የሽብር ጥቃት 52 ሰዎች ተገደሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ከተማ የሕዝብ ማመላለሻዎች ላይ አራት ቦምቦች ተሞክረው ከሸፉ። ፖሊስ ሦስት ተጠርጣሪዎችን ሲይዝ፣ ሌላ የተጠመደ ቦምብ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ጠበቃ ሳያገኙ ጠየቃቸው፤ ከጠበቃ ጋር የመገናኘት መብታቸውም ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ዘገየ። አራተኛው ሰው የተጠየቀው በምስክርነት ነበር። ራሱን የሚወነጅል ቃል መስጠት ሲጀምር መርማሪዎቹ ጥያቄውን አቁመው አለቃቸውን ጠየቁ፤ አለቃውም እንደ ምስክር መጠየቃቸውን እንዲቀጥሉ አዘዘ። ዝም የማለት መብቱና ጠበቃ የማግኘት መብቱ አልተነገረውም። አራቱም የሰጡት ቃል በችሎት ማስረጃ ሆኖ ቀረበባቸው።

የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2016 «ኢብራሂምና ሌሎች በዩናይትድ ኪንግደም ላይ» በተባለው መዝገብ ውሳኔውን ሰጠ። በሦስቱ ረገድ 15 ለ2 በሆነ ድምፅ መብት አልተጣሰም አለ፤ በአራተኛው ረገድ 11 ለ6 በሆነ ድምፅ ተጥሷል አለ። የከተማው ሥጋት ለአራቱም አንድ ነበር፤ ልዩነቱ የመጣው ከሕግ ነው። የሦስቱ መብት የዘገየው በግልጽ የሕግ ሥርዓት፣ ለተወሰነ ጊዜና ለተለየ ዓላማ ነበር። የአራተኛው ግን የፖሊስን የአሠራር ደንብ በተቃረነ ትእዛዝ ታለፈ።

ከዚህ ውሳኔ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ጫፍ አለው። በአንድ በኩል፣ ሕይወት ለማዳን መብትን ለሰዓታት ማዘግየት ሁልጊዜ ሕገ ወጥ አይደለም። በሌላ በኩል፣ ሥጋቱ የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን የሕግን ቦታ አይተካም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። አንቀጽ 18 በኢሰብአዊ አያያዝ ላይ የጣለው ክልከላ በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ አይገደብም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለምርመራ የሚሰጠውን ቀጠሮ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ አድርጎ ነበር።

የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ግን ይህን ገለበጠው። እያንዳንዱ ቀጠሮ ቢያንስ 28 ቀን፣ ጠቅላላውም እስከ አራት ወር እንዲሆን ደነገገ። «ቢያንስ» የሚለውን ቃል አስተውሉት። መርማሪው የሚያስፈልገው አሥር ቀን ብቻ መሆኑን ዳኛው ቢረዳ እንኳ አሥር ቀን ብቻ የመፍቀድ ሥልጣን አልነበረውም። ቀጠሮው የፍርድ ቤት ቁጥጥር መልክ ቢኖረውም ይዘቱ ተወስዶ ነበር። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተሽሯል፤ ያስነሳው ጥያቄ ግን የምርመራ ጊዜ በተጠየቀ ቁጥር ይነሣል።

የመርማሪውን ችግር አቃልዬ አላየውም። የሽብር ወንጀል ድንበር ይሻገራል፤ ምስክሮች ይፈራሉ፤ ማስረጃው በተቆለፈ ስልክ ውስጥ ወይም በሌላ አገር ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ተጨማሪ ጊዜ ሊያስፈልግ ይችላል። ሆኖም ዳኛው ባለፈው ቀጠሮ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ለቀረው ሥራስ ተጠርጣሪው መታሰር ለምን አስፈለገ ብሎ መጠየቅና ባገኘው መልስ ልክ ጊዜውን መወሰን አለበት።

መብትን መዝለል ደኅንነትን እንደማያስገኝ የበርሚንግሃም ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1974 በሁለት መጠጥ ቤቶች በፈነዱ ቦምቦች 21 ሰዎች ሞቱ። በፍጥነት የተያዙ ስድስት ሰዎች በ1975 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ አራቱ የእምነት ቃል ፈርመው ነበር፤ በድብደባ የተገኘ ነው ሲሉም ተከራከሩ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው በ1991 ነው። በጥቃቱ እውነተኛ አድራሾች ላይ እስከ ዛሬ አልተፈረደም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰውን የለቀመ አልተገኘም። የስድስቱ ንጹሐን መብት ሲጣስ የሟቾቹ ቤተሰቦችም ፍትሕ አጥተዋል።

እናንተ ነገ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ ወይም ዳኛ ትሆናላችሁ። «ጉዳዩ የሽብር ነው» የሚል ማመልከቻ ሲቀርብላችሁ ክብደቱን ተቀበሉ፤ ከዚያም ሕጉን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ንጹሑን ከእስር፣ ሕዝቡንም ካልተያዘው አጥፊ ይጠብቃል።