የወገብ ሕመምና የትንበያ ሚዛን



እኛ መሐንዲሶች የምሰሶን ዐቅም ጭነት ሳያርፍበት እናሰላለን። በእንቅስቃሴ ሕክምና የሚጠቀመውን የወገብ ሕመምተኛስ አስቀድሞ መለየት ይቻላልን?

እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ተመራማሪዎች 54 ሕሙማንን ወገብን በሚያጸና እንቅስቃሴ ለ8 ሳምንታት አክመው፣ የሚሻላቸውን ያመለክታሉ ያሏቸውን አራት ምልክቶች መረጡ፤ አንዱ ዕድሜ ከ40 ዓመት በታች መሆኑ ነው። ነገር ግን ሁሉም አንድ ዐይነት ሕክምና ስላገኙ፣ ሕክምናው የጠቀመውን ያለ ሕክምናም ከሚሻለው መለየት አልተቻለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በእስራኤል 105 ሕሙማን ለሁለት ዐይነት ሕክምና በዕጣ ተመድበው ደንቡ ቢፈተን፣ ትክክለኛነቱ ሊረጋገጥ አልቻለም።

እንግዲህ ብረትን እንኳ ሳንፈትን የማንፈርድበት እኛ፣ ባልጸና ደንብ ሕመምተኛን «አንተን አይጠቅምህም» ብሎ ከደጅ መመለስን ልንቀበል አይገባንም።