አድራሻው እስኪታወቅ ፓኬቱ የት ይቆያል?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በኔትወርክ ትምህርታችን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስላይድ የሚታለፍ ነው። አንድ ኮምፒውተር በዚያው ኢተርኔት ላይ ላለ ሌላ ኮምፒውተር ፓኬት ለመላክ የአይፒ አድራሻውን ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ የማክ አድራሻውንም ማወቅ አለበት። ካላወቀ በኤአርፒ አማካይነት በመረቡ ላይ ያሉትን ሁሉ ይጠይቃል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ፓኬቱ የት ይቆያል? ለምን ያህል ጊዜስ?

ፕሮቶኮሉን እ.ኤ.አ. በ1982 የደነገገው አርኤፍሲ 826 ፓኬቱ ቢጣል አላስጨነቀውም፤ ከበላይ ያለው ንብርብር መልሶ ይልከዋል ብሎ ታምኗልና። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው አርኤፍሲ 1122 ግን ላልታወቀው አድራሻ ከተላኩት ቢያንስ አንዱ፣ ያውም የመጨረሻው፣ እንዲቀመጥ መከረ። ለቲሲፒ ይህ ይበቃል፤ ግንኙነቱ የሚከፈተው በአንዲት ትንሽ ፓኬት ነው። ለዩዲፒ ግን አይበቃም። 8192 ባይት የያዘ የዩዲፒ መልእክት በአንድ ጊዜ 1500 ባይት በሚያሳልፍ ኢተርኔት ላይ 6 ቦታ ይቆራረጣል። ስድስቱ ቁራጮች ተከታትለው ሲደርሱ የሚቆዩበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። እኛ የምናውቀው ወረፋ ቀድሞ የመጣን ያከብራል፤ በዚህኛው ግን ቦታ ሲሞላ የሚባረረው ቀድሞ የመጣው ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ይተርፋል፤ ተቀባዩም መልእክቱን መገጣጠም ስለማይችል እሱንም ይጥለዋል።

ሊኑክስ ለረጅም ጊዜ 3 ፓኬት ይይዝ ነበር። ለዚያ መልእክት 3ም ከ1 አይሻልም፤ ግማሹ መትረፉ ምንም አይጠቅምም። ከ3.3 ስሪት ጀምሮ መለኪያው ከፓኬት ብዛት ወደ ባይት ተለወጠ፤ በቅርብ ከርነሎች የተለመደው መነሻ 212992 ባይት ነው። በእኔ እምነት መለኪያው መለወጡ ከቁጥሩ ማደግ ይበልጣል፤ የሚጠበቀው ነገር ማህደረ ትውስታ ነውና።

ታዲያ ለምን ያለ ገደብ አይለቀቅም? የሊኑክስ የጎረቤቶች ሠንጠረዥ በተለመደው ቅንብር እስከ 1024 አድራሻ ይይዛል። አንድ ሰው ባዶ አድራሻዎችን እየደረደረ በትልልቅ ፓኬቶች ቢያጥለቀልቅ ጣሪያው ወደ 218 ሚሊዮን ባይት ይደርሳል። ለሰርቨር ቀላል ነው፤ 64 ሜጋባይት ላለው አነስተኛ ራውተር ግን ሞት ነው። ቁጥሩ በአስተዳዳሪው እጅ ሊሆን የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የጊዜ ገደቡም ከወረፋው ተነጥሎ መታየት የለበትም። ከርነሉ በተለመደው ቅንብር በየ1 ሰከንዱ 3 ጊዜ ይጠይቃል፤ ምላሽ ካላገኘ ወረፋውን ጥሎ ለፕሮግራሙ ስሕተት ይመልሳል። በዚያው መረብ ላይ ወደሌለ አድራሻ ለመግባት ሞክራችሁ 3 ሰከንድ ያህል ቆይቶ የሚመጣው መልእክት ከዚሁ የመነጨ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በደካማ ገመድ አልባ መስመር ላይ ቢጠፋ ደግሞ ሁሉም ነገር ሙሉ ሰከንድ ይቆማል። በስልክ ድምፅ ረገድ ይህን ያህል የዘገየ ፓኬት ቢደርስም ዋጋ የለውም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ወረፋውን ከማስረዘም በፊት የጥያቄውን ልዩነት ማሳጠር እመርጣለሁ።

በሚቀጥለው የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ የወረፋውን ገደብ ወደ 4096 ባይት ዝቅ አድርጉ፤ የጎረቤታችሁን አድራሻ ከሠንጠረዡ ሰርዙና 8000 ባይት የያዘ ፒንግ ላኩ። የመጀመሪያው ይጠፋል፤ ሁለተኛው ይደርሳል። በኤአርፒ ስታቲስቲክስ ውስጥ አድራሻቸው ሳይታወቅ የተጣሉትን የሚመዘግበውን ቆጣሪም ተመልከቱ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።