ራስን መውቀስና ራስን መመርመር

በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት ሲባል በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ።



ስለ መዋጮውና ስለ ድንኳኑ ጥገና የተባለውን ሰምታችኋል። እኛ ደግሞ ስለ አንድ ሌላ ጉዳይ ለጥቂት ደቂቃ እንድንናገር ተፈቅዶልናል። ጉዳዩ የተነሣው ከዚሁ ከዕድሩ ሥራ ነው። ይኸውም በሠፈራችን ለቅሶ ሲሆን ወንበርና አግዳሚ የሚያመላልሱልን፣ ድንኳን የሚተክሉልን ልጆች አንድ በአንድ እየጠፉ መምጣታቸውን አየን። በመጀመሪያ «የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው» አልንና አለፍነው። በኋላ ስንጠያይቅ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከጠፉት አብዛኞቹ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ያልመጣላቸው ናቸው። ከቤት ያልወጡት «ስንት አመጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ሸሽተው ነው። ጠያቂዎቹ ደግሞ እኛው ነን።

እስቲ ቁጥሩን እናስታውስ። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተናን ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም፤ ከመቶው 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። እንግዲህ ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የወደቁበትን ፈተና፣ እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን የወደቀ መስሎት በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ወላጁም እንደዚያው። በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ሁለት ቤቶች አንድ ዓይነት ኀዘን ይዘው ሲደባበቁ አይተናል እኮ!

ይህን ስንል ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም፣ ቁጥሩ ይሸፍናቸው ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ጥፋቱ በደንብ ይታይ ነው የምንለው። ነገር ግን «እኔ ደደብ ነኝ፤ አልረባም» ብሎ ግድግዳ ላይ ያፈጠጠ ልጅ ራሱን የመረመረ ይመስለዋል እንጂ ምንም አላየም። አልረባም ካለ ምን ቀረው? የሚያስተካክለው ነገር የለም። «ፊዚክስ ላይ ቀመሩን ሸምድጄ ትርጉሙን አላጠናሁም» ያለ ልጅ ግን ነገ ጧት የሚጀምርበት ቦታ አለው። የመጀመሪያው መውቀስ ነው፤ ሁለተኛው መመርመር ነው።

በዕድሜ የገፋን ሰዎች በደርግ ዘመን ሂስና ግለ ሂስ የሚባለውን እናስታውሳለን። በየውይይት ክበቡ ሰው እየተነሣ በሰው ፊት ጥፋቱን ይዘረዝር ነበር። ብዙዎቻችን ከዚያ የተማርነው ራስን ማየትን ሳይሆን ተናግሮ ማምለጥን ነው፤ ትንሿን ጥፋት አስቀድሞ ትልቋን መሸሸግን። የፈራ ሰው ራሱን ይከላከላል እንጂ አይመረምርም። ታዲያ እኛ ዛሬ ልጃችንን እንግዳ ፊት አቁመን «እስቲ ጥፋትህን ተናገር» ስንል ምን እያደረግን ነው?

ብዙ ወላጅ የሚፈራው ሌላ ነው። «ካባበልነው ይሰንፋል» ይላል። ይህን በሌላ አገር ያጠኑ ሰዎች አሉ። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ ለራስ መራራትን በሦስት ነገር አስረድተውታል፤ ለራስ ደግ መሆን፣ ውድቀት የሰው ሁሉ ዕጣ መሆኑን ማወቅ፣ የተሰማንን ሳናጋንንም ሳንደብቅም ማየት። እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ የወጣ ጥናት ደግሞ ጥናታቸውን ዛሬ ነገ እያሉ ለፈተና ሳይዘጋጁ የቀረቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ተመለከተ። በዚያ ጥፋታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለሚቀጥለው ፈተና ሲደርሱ ዛሬ ነገ ማለታቸው ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ በወጣ ሌላ ጥናትም፣ ከባድ ፈተና አቅቷቸው «በራሳችሁ አትጨክኑ» የተባሉት ተማሪዎች ለሁለተኛው ፈተና የበለጠ ጊዜ አጥንተዋል። ፍርሃታችን እንግዲህ መሠረት ያለው አይመስልም።

ለዚህ ግን ቴክሳስ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ ዕድርተኛ ነን። ጎረቤታችን ልጁን የቀበረ ዕለት «አንተ ሐኪም ቤት ዘግይተህ ወስደኸው ነው» የሚል ሰው ካለ ከድንኳኑ እናስወጣዋለን። አጠገቡ ቁጭ እንላለን፣ ንፍሮ እንቆረጥማለን፣ «እግዚአብሔር ያጥናህ» እንላለን። ስለ ዕዳው፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ወደፊት እንዴት እንደሚኖር የምንጠይቀው ሦስት ቀን ካስተዛዘንነው በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አሳምረን እናውቃለን። ለራሳችን ሲሆን ነው የሚጠፋብን፤ ሌሊት ብቻችንን ስንሆን ያን ከድንኳን የምናስወጣውን ሰው አልጋችን ላይ አስቀምጠን እናዳምጠዋለን።

አንድ የኮሚቴያችን አባል የደረሰባቸውን እንድንናገር ፈቅደዋል። ልጃቸው የ2014ቱን ፈተና ተፈትኖ አልመጣለትም። እሳቸውም «አሳፈርከኝ» ብለውት ሰው ሲመጣ ጓዳ እንዲገባ ያደርጉ ነበር። አንድ ቀን ልጁ ምሳ እየጠሩት አልነሣ ሲል ደነገጡ። ያን ዕለት ምንም ሳይጠይቁት አብረውት ተቀመጡ፤ በማግስቱም ተቀመጡ። ከሳምንት በኋላ ደብተር ሰጡትና በአንዱ ገጽ «የእኔ»፣ በትይዩው «ከእኔ ውጭ» ብሎ እንዲጽፍ ነገሩት። በመጀመሪያው ገጽ የሰፈሩት እነዚህ ነበሩ፤ ስልክ ይዞ እኩለ ሌሊት ማለፉ፣ የቀድሞ ፈተናዎችን ሠርቶ አለማወቁ፣ በእንግሊዝኛዬ ይስቁብኛል ብሎ በክፍል ውስጥ አለመጠየቁ። በሁለተኛው፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ 10ኛ ክፍል መሆኑ፣ 11ኛ ክፍልም ግማሽ ዓመት ያለ ሒሳብ አስተማሪ ማለፉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን የትኛው ገጽ ላይ እንደሚጽፈው ጠፍቶት በሁለቱ መካከል፣ ሽቦው ላይ ጻፈው፤ «የተፈጥሮ ሳይንስ የገባሁት አባባ ሐኪም እንድሆን ስለፈለገ ነው።»

አባትየው ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ለራሳቸውም ደብተር ገዙ። እኛ ዘንድ መጥተው ሲያጫውቱን፣ «ራሴን ልወቅስ ጀምሬ ነበር፤ ያንንማ ከለመድኩት ቆየሁ፤ አሁን ግን አንድ ያልጠየቅሁት ጥያቄ እንዳለ ታየኝ» አሉ። ጥያቄው «አንተ ምን ትወዳለህ?» የሚል ነበር። ልጁ የኤሌክትሪክ ሥራ አለ። ለካስ በየለቅሶው የድንኳናችንን መብራት የሚዘረጋልን እሱ ኖሯል፤ አንዳችንም ልብ አላልነውም። ዛሬ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ይማራል። ለሁሉም መፍትሔው ይህ ነው አንልም። አንዲት ልጃችን በግል ደግማ ለመፈተን እያጠናች ነው፤ አንዱ ደግሞ ሬሜዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ገና ምንም ያልወሰኑም አሉ፤ ይወስኑ ዘንድ ጊዜ እንስጣቸው።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ምግብና እንቅልፍ ያጣ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ልጅ ካለ እሱ የደብተር ጉዳይ አይደለም። ብቻውን አንተወው። ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ ከዚያም አማኑኤል ሆስፒታል ቢልኩት ነውር አይደለም፤ እንሂድ። መኪና ቢቸግር ዕድሩ ይተባበራል፤ ለዚህ ሞት መጠበቅ አያሻም።

እንግዲህ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የዕድሩ አዳራሽ ለልጆቹ ክፍት ይሆናል። ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይዘው ይምጡ፤ የጻፉትን ካልፈለጉ ማንም አያነብባቸውም። ውጤት የሚጠይቅ ሰው እንዳይኖር በር ላይ የሚቆመው ሊቀ መንበራችን ነው። ወላጆችም የራሳችሁን ደብተር ይዛችሁ ብትመጡ አግዳሚ አለ፤ አግዳሚውን ግን በዚያ ቀን የምናመላልሰው እኛው ነን።