አባባ፣ ወንድማቸውና የመቃብሩ ድንጋይ

(የደሃና ተወላጅ የሆኑ አንድ ቤተሰብ አባላት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ባደረጉት የአያታቸው መታሰቢያ ላይ የተነበበ ንግግር ነው። በቤተሰቡ ጥያቄ ስሞች አልወጡም።)



ንግግር አድርግ ስትሉኝ ያላችሁኝ «ስለ አባባ ደግ ደጉን ተናገር» ነው። ደጉን እናገራለሁ። ነገር ግን ለመቃብራቸው ድንጋይ ገንዘብ ስናዋጣ የተነሳውን ጠብ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን አለ? በወዲያኛው ግድግዳ በኩል የትንሹ አባባ ልጆችና የልጅ ልጆች ተቀምጣችኋል። በወዲህኛው የእኛ ወገን። መሀሉ ባዶ ወንበር! ጠላው እንኳ በሁለት ጋን ነው የመጣው። ስለዚህ የማወራው የሁለቱንም ወንድማማቾች ነገር ነው፤ ያልጣመው ሰው እስክጨርስ ይታገሰኝ።

አባባ የተወለዱት በ1909 ዓ.ም. ነው። ልደት የመዘገበ ሰው ኖሮ አይደለም፤ እናታቸው «የሰገሌ ዓመት» ይሉ ስለነበር ነው እንጂ። አገሩን ታውቁታላችሁ። ድንጋይ፣ ገደል፣ ገብስ፣ ፍየል፣ ደግሞም ማር። አባባ በግዕዝ ይጸልያሉ፣ በአማርኛ ይሟገታሉ፣ በኽምጣንጋ ይቆጣሉ። ልጅ ሆነን ቁጣው በየትኛው ቋንቋ እንደተጀመረ ሰምተን ነው እንሩጥ አንሩጥ የምንለው። ነሐሴ ላይ ሻደይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደሚገባ እንጃ! ልጃገረዶቹ ደጃቸው መጥተው እስኪጨፍሩ ድረስ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፍ ይቀመጡ ነበር።

አባታቸው ከዋግሹም ጓንጉል ጋር ዓድዋ የዘመቱ ሰው ናቸው። እሳቸውም ለጦርነት የተነሱት በዋግ ጦር ውስጥ ሆነው፣ ከዋግሹም ከበደ ልጅ ከደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ጋር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ጠመንጃ አልነበራቸውም፤ በሶና ዳቦ ቆሎ የተጫነች አህያ እየነዱ ነው ተምቤን የገቡት። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የደጃዝማች ኃይሉ ጦር ዓቢይ ዓዲ ላይ ጣሊያንን ገጥሞ ከተማውን ሲያስለቅቅ አባባ የመጀመሪያ ጠመንጃቸውን ከወደቀ ሰው እጅ አነሱ። ያ ሰው የማን ወገን እንደነበር ስንጠይቃቸው «የሞተ ሰው ነበር» ብቻ ነው የሚሉን። ከዚያ ወዲያ የመጣውን ጢስ፣ ያንን ከአውሮፕላን የሚንጠባጠብ መርዝ፣ ማውራት አይወዱም ነበር። እስኪሞቱ ድረስ ክረምት በገባ ቁጥር ያስሉ ነበር።

በመጋቢት 1928 ሰቆጣ ተያዘች። በዚያው ወር ማይጨው ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። አባባ ተመልሰው ሞፈር ያዙ።

እንግዲህ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ታናሽ ወንድማቸው፣ እኛ «ትንሹ አባባ» የምንላቸው፣ ሰቆጣ ወርደው ለጣሊያን ባንዳ ሆነው ተቀጠሩ። ለምን? የእነሱ ልጆች «የውስጥ አርበኛ ነበሩ፣ ጥይት ያሾልኩ ነበር» ይላሉ። የእኛ ወገን ደግሞ «ደመወዝ ፈልገው ነው» ይላል። በነሐሴ 1929 ዋግና ላስታ በጣሊያን ላይ ተነሳ። ደጃዝማች ኃይሉ ሲሸፍቱ አባባም እንደገና ጠመንጃቸውን ከጎተራ ስር አወጡ። በመስከረም 1930 ደጃዝማቹ ተገደሉ፤ ጣሊያኖች አንገታቸውን ቆርጠው በሰቆጣና በኮረም አደባባይ ለሕዝብ አሳዩ። ያን ቀን ሰቆጣ ገበያ ላይ ጠመንጃ ይዘው ከቆሙት ባንዳዎች አንዱ ትንሹ አባባ ነበሩ። ይህን የሰማሁት ከሐሜተኛ አይደለም፤ ከራሳቸው አፍ ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ሊሞላ ሲል ነገሩን እንዲህ አወሩኝ፦ «ቆሜ ነበር። ፊቴን ወደ ቤተክርስቲያኑ አዙሬ ቆሜ ነበር።»

አባባን ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄያቸዋለሁ። ማር እየቆረጡ ነበር። «ወንድምዎ ባንዳ ነበሩ ወይስ አርበኛ?» አልኳቸው። ጢሱን ቀፎው ላይ ነፉ፣ ነፉና «ጥይት አምጥቶልኛል። ጥይትም ተኩሶብኛል» አሉ። ከዚያ በኽምጣንጋ ተቆጡኝ፤ ሮጥኩ።

አሁን በሁለቱም ወገን ያላችሁ ዘመዶቼ የምትሉትን አውቃለሁ። አንዱ የመጀመሪያውን ግማሽ ይወስዳል፣ ሌላው ሁለተኛውን። እሳቸው ግን ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ነው የተናገሩት!

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ። በየአገሩ ባንዳ መፈለግ ተጀመረ፤ ቂም ያለው ሁሉ ደግሞ ቂሙን ባንዳ እያለ ይወጣ ነበር። ትንሹ አባባ ዋሻ ገቡ። አባባ ሌሊት ምግብ እያመላለሱ ዓመት ያህል ካቆዩአቸው በኋላ ቄስ ጠርተው፣ ሽማግሌ ሰብስበው፣ ወንድማቸውን ከዋሻ አወጡ። ከአባታቸው መሬት ግማሹን ቆርሰው ሰጡ። በሬ ግን ለየራሳቸው አንድ አንድ ብቻ ነበራቸው። ታዲያ ምን አደረጉ? መቀናጆ! አርበኛው በሬና የባንዳው በሬ ባንድ ቀንበር ለሠላሳ ምናምን ዓመት አረሱ። አንደኛው በሬ ሲሞት ሌላ ይገዛል፤ መቀናጆው አልፈረሰም። እኛ የተማርነው፣ ከተማ የገባነው፣ አንድ ጋን ጠላ አብረን መጥመቅ አቅቶናል።

ስለ ሜዳሊያው ደግሞ ልንገራችሁ። አባባ የአርበኝነት ሜዳሊያቸውን ለመጠየቅ ከደሃና ደሴ በእግር ወረዱ፣ ከዚያ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገቡ። አንድ መሥሪያ ቤት (የትኛው እንደሆነ ይቅር) «ምስክር አምጣ» አላቸው። ምስክሮቹ ተገድለዋል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ ማን መሰላችሁ? ሰቆጣ ለጣሊያን ሲያስተረጉም የሚያውቁት ሰው! አባባ ሳቁ። «እንግዲያው አንተው መስክርልኝ፤ ታውቀኝ የለ?» አሉት። ሰውዬው እንደ መስከረም አደይ ቢጫ ሆነ ይላሉ። ሜዳሊያውን ያገኙት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሌላ ሰው ጊዜ ነው።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ላራሹ ታወጀ። ጥሩ። ነገር ግን ባለ አንድ በሬው አባባ፣ ሜዳሊያ ከጃንሆይ ተቀብለሃል ተብለው «ፊውዳል» ተባሉ! ሜዳሊያው ማር ገንቦ ውስጥ ገባ። አሥራ ስድስት ዓመት ማር ውስጥ ቆየ። ስናወጣው ጥብጣቡ አልቋል፣ ብረቱ ግን ምንም አልሆነም።

በ1977ቱ ድርቅ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በጥቅምት ቢቢሲ የኮረሙን ረሀብ ለዓለም ያሳየ ጊዜ እኛም እዚያ ሜዳ ላይ ነበርን፤ ስንሞት ዓለም አየን። ከደሃና ኮረም ስድስት ቀን ሄደናል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፊት፣ አንዱ እኔን ሌላው ታናሽ እህቴን ተሸክመው፣ በየተራ ይለዋወጡን ነበር። ማን ማንን እንደተሸከመ በኋላ የቆጠረ አልነበረም። እህቴ ኮረም ላይ አረፈች። ከእሷ በአራተኛው ቀን ትንሹ አባባ አረፉ። የእህሉን ድርሻቸውን ለእኛ ሲሰጡን እንደነበር ያወቅነው ከሞቱ በኋላ ነው፤ እኔ በልቼዋለሁ፣ ልዋሻችሁ አልችልም። አባባ የስልሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ሆነው መቃብር በእጃቸው ቆፈሩ። ከፈን አልነበረም። ጋቢያቸውን አውልቀው ወንድማቸውን ገነዙበት፤ ያን ሌሊት በኮረም ብርድ በእጀ ጠባብ አደሩ።

ከዚያ በኋላ ሃያ አራት ዓመት ኖሩ። ደርግ ሲወድቅ አዩ፣ ኢሕአዴግ ሲገባ አዩ፣ በሁለቱም ብዙ አልተደነቁም። በጥር 2001 በዘጠና ሁለት ዓመታቸው ደሃና አረፉ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ሰቆጣ ሲገባ ባለመኖራቸው ደስ ያለኝ ጊዜ አለ። ዛሬ «ባንዳ» የሚለው ቃል እንደ ለቅሶ ቤት ቆሎ ለሁሉም ይታደላል፤ ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ ስልኩ ሁሉ ያድለዋል። ቃሉ በእሳቸው ጊዜ ስንት ቤት እንዳፈረሰ ያየ ሰው ግን በአፉ ሲያወጣው ይጠነቀቅ ነበር። እሳቸው ወንድማቸውን በዚህ ስም ጠርተው አያውቁም። «አልበደለም» ብለውም አያውቁም።

ወደ ድንጋዩ ልመለስ። የእኛ ወገን «የባንዳ ስም ከአርበኛ ስም ጋር አይጻፍም» ይላል። የእነሱ ወገን «የውስጥ አርበኛ ተብሎ ካልተጻፈ አንድ ሳንቲም አናዋጣም» ይላል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ «አጽሙ ኮረም ነው፤ ስሙ ደሃና ምን ይሠራል?» ብሎ ጠይቋል። አባባ ስለዚህ ነገር የተናዘዙት ነገር አለ ወይ ለምትሉኝ፣ የለም። ኑዛዜያቸው ስለ አንዲት ላምና ስለ ሦስት ቀፎ ብቻ ነበር።

ስለዚህ እኔው ወስኛለሁ። ድንጋይ ጠራቢውን አምደ ወርቅ ላይ አግኝቼ ቀብድ ሰጥቼዋለሁ። ሁለት ስም ይጽፋል፤ ከስማቸው በታች የተወለዱበትንና ያረፉበትን ዓመት። አርበኛም አይልም፣ ባንዳም አይልም፣ የውስጥም የውጭም አይልም። ሜዳሊያውን ለእኔ ስለተዉልኝ ከሁለቱ ስሞች መሀል በሲሚንቶ አስቀብረዋለሁ። መዋጮውን ማስመለስ የሚፈልግ ካለ ንግግሬ ሲያልቅ በር ላይ ያግኘኝ፤ ደብተሩን ይዤዋለሁ።

አሁን እስቲ እነዚያን ሁለት ጋኖች አንድ ቦታ አምጡልኝ።