የዶሮ ክንፍ በዝግታ ድስት

አሜሪካዊው ኢርቪንግ ናክሰን ለኤሌክትሪክ ድስቱ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። መነሻው እናቱ የነገሩት ታሪክ ነበር፦ የሊቱዌኒያ አይሁዶች የሰንበት ወጣቸውን ዓርብ ከዳቦ ጋጋሪ ምድጃ አስገብተው ያሳድሩት ነበር። ራይቫል የተባለው ኩባንያ ድስቱን በ1971 «ክሮክ ፖት» ብሎ ለገበያ አቀረበው።

ዛሬ በዚሁ ድስት በእስያ ጣዕም የዶሮ ክንፍ ይሠራል። አኩሪ አተር ሶስ፣ ማር፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት የሰሊጥ ዘይት ይቀላቀላሉ። ክንፍ ቆዳና ጅማት ይበዛዋል፤ በዝቅተኛ ሙቀት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ሲቆይ ጅማቱ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፣ ሥጋውም ከአጥንቱ በቀላሉ ይላቀቃል።

ችግሩ ቆዳው ነው።

ከክዳኑ ሥር የታፈነው እንፋሎት ያለሰልሰዋል እንጂ አያደርቀውም። ስለዚህ ባለሙያ ክንፎቹን ያወጣና መረቁን በበቆሎ ስታርች ያወፍራል፤ እሱን ቀብቶም በኦቨን የላይኛው እሳት ለጥቂት ደቂቃ ይጠብሳቸዋል። ይህን የዘለለ ሰው የሚያገኘው ጣፋጭ ቅቅል ነው!

በረዶ የሆነ ዶሮ ግን በቀጥታ አይገባም። ድስቱ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሥጋው ባክቴሪያ በሚራባበት ሙቀት ላይ ብዙ ይቆያል። አስቀድሞ ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ፤ ሲበስልም ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት።