መርፌውና መዝገቡ፤ ኢንሱሊን ከተጀመረ በኋላ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙ «እንግዲህ ኢንሱሊን መውሰድ ይኖርብሃል» ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሐሳቦች አንዱ ያድርበታል። አንደኛው፤ «በሽታዬ ጸናብኝ፤ ነገሬ አበቃለት» የሚል ፍርሀት ነው። ሁለተኛው፤ «መርፌውን ከጀመርሁ ሌላው ሁሉ በራሱ ይስተካከላል» የሚል ተስፋ ነው። ፍርሀቱም ተስፋውም ከእውነቱ የራቁ ናቸው። ኢንሱሊን መጀመር የሕክምናው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። መርፌው የሚፈለግበትን ጥቅም የሚሰጠው፤ ሕመምተኛው የደሙን ስኳር እየለካ በመዝገብ ሲጽፍ፤ ሐኪሙም ያንን መዝገብ እያየ መጠኑን ሲያስተካክል ነው። የዛሬው ንግግራችንም ይህንኑ የሚያስረዳ ይሆናል።

በመጀመሪያ ስለ ፍርሀቱ ጥቂት እንናገር። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም.፤ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በፕሮፌሰር ማክላውድ ቤተ ሙከራ ሲመራመሩ፤ ከቆሽት የሚወጣውንና የደምን ስኳር የሚያወርደውን ፈሳሽ ለማግኘት ቻሉ። በጥር ወር 1922 ዓ.ም. ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ መርፌው ተሰጠው። የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም አልረዳውም ነበር፤ ጄምስ ኮሊፕ መድኃኒቱን አጣርቶ ካቀረበ በኋላ ግን በዚያው ወር በ23ኛው ቀን የተሰጠው መርፌ የደሙን ስኳር አወረደው። ልጁም ከዚያ ወዲህ 13 ዓመት ኖረ። እንግዲህ ኢንሱሊን ከመጀመሪያውም ሰውን ከሞት የመለሰ መድኃኒት እንጂ የሞት ምልክት አይደለም። ብዙ ዓመት በኪኒን ቆይቶ ወደ መርፌ የተሻገረ ሰውም ይህን የሚያደርገው ቆሽቱ ከጊዜ ብዛት ስለ ደከመና በቂ ኢንሱሊን ለማመንጨት ስለ ተሳነው ነው። ይህም በሕመምተኛው ስንፍና እንደ መጣ ቅጣት ሊቈጠር አይገባውም።

አሁን ደግሞ ወደ ተስፋው እንምጣ። በአሜሪካና በካናዳ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ 1,441 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ታላቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ሁሉም ከወጣትነት ጀምሮ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር በሽታ ዓይነት ያለባቸው ነበሩ፤ ሁሉም ኢንሱሊን ይወስዱ ነበር። በአንደኛው ወገን ያሉት በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እየተወጉ እንደ ቀድሞው ልማድ ኖሩ። በሁለተኛው ወገን ያሉት ግን በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያም በላይ እየተወጉ ወይም በማስገቢያ መሣሪያ እየተረዱ፤ ደማቸውን በቀን አራት ጊዜና ከዚያ በላይ እየለኩ፤ ባገኙት ቍጥር መሠረት መጠኑን ያስተካክሉ ነበር። ከዚህ የተነሣ በሁለተኛው ወገን ዘንድ አዲስ የዓይን ጉዳት የመድረሱ ዕድል በ76 በመቶ፤ የነርቭ ጉዳት በ60 በመቶ፤ የኩላሊት ጉዳት በ50 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒቱ በሁለቱም ወገን ያው ኢንሱሊን ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው አጠቃቀሙ ነው። በጕልምስና በሚመጣው ዓይነት ላይም በብሪታንያ ተደርጎ በ1998 ዓ.ም. የታተመው ጥናት፤ የደም ስኳርን አጥብቆ መቈጣጠር በደቃቅ የደም ሥሮች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

በመሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ገቢና ወጪው ያልተጻፈ ሒሳብ ሊታረም አይችልም። የደም ስኳርም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ቍጥር ብቻ ከሆነ፤ በቀረው ጊዜ የሆነውን ሊገምት እንጂ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ አንድ ተራ ደብተር ገዝቶ በየቀኑ ቀኑን፤ ሰዓቱን፤ የተለካውን ቍጥር፤ የተወሰደውን ዩኒትና የተበላውን ምግብ መጻፍ ያስፈልጋል።

ነገሩ እንዲገለጽ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሐሳባችን እንሣል። ይህ ሰው ከፊሉ ፈጣን፤ ከፊሉ ዘግይቶ የሚሠራ ቅልቅል ኢንሱሊን ጧት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ይወስዳል። አንድ ወር ካለፈ በኋላ ጧት ሳይበላ ሲለካ 196፤ በማግሥቱ 188፤ በሦስተኛው ቀን 204 አገኘ። «መርፌው አልሠራልኝም» ብሎ ሊተወው ነበር። ደብተሩን ለሐኪሙ ባሳየ ጊዜ ግን፤ ማታ ከራት በፊት የተለካው ቍጥር 118፤ 124፤ 121 ሆኖ ተገኘ። ከዚህም የተነሣ የጧቱ መርፌ ሥራውን በደንብ እንደሚሠራ፤ የጐደለው የማታው መጠን ሊሆን እንደሚችል ሐኪሙ ተረዳ። ሆኖም ወዲያው አልጨመረለትም፤ አስቀድሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቶ እንዲለካ አዘዘው። ሌሊት ስኳሩ እጅግ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ የማታውን መጠን መጨመር አደጋ ያመጣ ነበርና ነው። የሌሊቱ ቍጥር 178 ስለ ሆነ ሐኪሙ የማታውን መጠን በ2 ዩኒት ከፍ አደረገለት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም መዝገቡን እንደገና አየ። መጠን የሚስተካከለው እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ፤ በቍጥር እየተመሩ ነው።

ያው ደብተር ሌላም ነገር ገለጠ። ሰውየው ረቡዕ ጧት አምስት ሰዓት ላይ ላብ አጥምቆት፤ እጁም ተንቀጥቅጦ ሲለካ 61 አገኘ፤ ዓርብም በዚያው ሰዓት 58 ሆነ። በሌሎቹ ቀናት ግን በዚያ ሰዓት ችግር አልነበረበትም። ምክንያቱ ሲመረመር ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት ናቸው፤ ጧት መርፌውን ይወስዳል፤ ቍርሱን ግን አይበላም። ፈጣኑ ኢንሱሊን ከተወጉት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይሉ ስለሚበረታ፤ የሚያቃጥለው ምግብ ሳያገኝ ደሙን አራቈተው። ስለዚህ መጾም የሚፈልግ ሕመምተኛ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ክርስቲያኑ ከነፍስ አባቱ፤ ሙስሊሙም ከሃይማኖቱ አዋቂ ጋር ይማከር። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው የሚራሩበት ሥርዓት አላቸው።

ለብዙ ጐልማሶች የሚፈለገው ልክ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፤ ምግብ ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው «ኤ ዋን ሲ» የተባለው ምርመራም ለብዙዎች ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ለሸመገለ ሰውና ስኳሩ ደጋግሞ ለሚወርድበት ሰው ግን ሐኪሙ ላላ ያለ ልክ ይወስናል። የመለኪያው ስትሪፕ ዋጋው ከብዶት በየቀኑ አራት ጊዜ ለመለካት የማይችል ሰው ሰዓቱን ያፈራርቅ፤ ዛሬ ጧት፤ ነገ ከምሳ በፊት፤ ከነገ ወዲያ ከራት በፊት፤ በአራተኛው ቀን ከመኝታ በፊት ይለካ። እንዲህ ሲያደርግ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የቀኑ መልክ በደብተሩ ላይ ይታያል።

መጠኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ቍጥሩ እየዘለለ የሚያስቸግርበትም ጊዜ አለ። ያን ጊዜ አወጋጉን መመርመር ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚወጋ ሰው ቆዳው ሥር እብጠት ያበጃል፤ በዚያ ላይ የተወጋው መድኃኒት ወደ ደም የሚገባው አንዳንዴ ዘግይቶ፤ አንዳንዴም በድንገት ነው። ስለዚህ ሆድን ከእምብርት ሁለት ጣት ያህል እየራቁ፤ ጭንንና የክንድን ላይኛ ክፍል እያፈራረቁ፤ ከትናንቱ ቦታ አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ እያሉ መውጋት ይገባል። ደመና የመሰለው ኢንሱሊን ከመቀዳቱ በፊት ብልቃጡን በመዳፍ መካከል በቀስታ ማንከባለል እንጂ መናጥ አይገባም። ብልቃጡ ላይ 100 የሚል ከተጻፈበት ሲሪንጁም ለ100 የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ከተዛባ መጠኑ ሁሉ ይዛባል።

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ በረዶ የነካው ግን ይጣል። የተከፈተው ከፀሐይና ከእሳት ርቆ በቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ብዙውን ጊዜ 4 ሳምንት ያገለግላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት፤ ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ በረጠበ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ሙቀቱን ይቀንሳል።

ስለ ምግብ ሁለት የተሳሳቱ አባባሎችን ማረም ይገባል። አንደኛው «ማር ስኳር ስላልሆነ አይጐዳም» የሚለው ነው፤ ማር የደምን ስኳር ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛው «የጤፍ እንጀራ የፈለጉትን ያህል ቢበሉት ምንም አይደል» የሚለው ነው፤ ጤፍም፤ ስንዴም፤ ገብስም በሰውነት ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣሉ። እንጀራን ጨርሶ መተው አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መጠኑን ማወቅና በየቀኑ ማመሳሰል ነው። ከማዕዱ ግማሹ ጐመንና ሌላ አትክልት፤ ሩቡ ምስር፤ ሽሮ ወይም ሥጋ፤ ሩቡ እንጀራ ቢሆን መልካም ነው። ባዶ ሆድ ላይ የሚጠጣ ጠጅና አረቄ ስኳርን ሌሊት ሊያወርድ ስለሚችል ከዚህም መጠንቀቅ ያሻል።

ስለ አደጋውም ሳንናገር አናልፍም። ቀደም ብለን በጠቀስነው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፤ ስኳራቸውን አጥብቀው በተቈጣጠሩት ዘንድ ብርቱ የስኳር መውረድ በ3 እጥፍ ያህል በዝቶ ታይቷል። ቍጥሩ ከ70 በታች ሲወርድ ላብ፤ መንቀጥቀጥ፤ ርሃብ፤ የልብ ምት መፍጠን፤ የንግግር መንተባተብ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፤ ካልተነሣም መድገም፤ ሲነሣ ምግብ መብላት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይጨመርም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።

ስለዚህ በሽታውን ከሥራ ባልደረቦች መሸሸግ ብልህነት አይደለም። በስብሰባ መካከል አፉ የተሳሰረ፤ ላብ ያጠመቀው ሰው «ጠጥቶ መጣ» ተብሎ ሊታማና ያለ ርዳታ ሊቀር ይችላል። ቢያንስ አንድ አብሮ የሚሠራ ሰው ነገሩን ቢያውቅና ስኳሩ በየትኛው መሳቢያ እንዳለ ቢነገረው ሕይወት ይድናል። ሹማምንትም ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ የምሳውን ሰዓት እንዳያሳልፉበት፤ ለመለካትም አምስት ደቂቃ እንዳይነፍጉት አደራ እንላለን።

በመጨረሻም፤ ትኵሳት ወይም ሌላ ሕመም ሲመጣና ምግብ ሲዘጋ ኢንሱሊኑን በራስ ሥልጣን ማቋረጥ እጅግ አደገኛ ነው፤ በሕመም ጊዜ ስኳር ሳይበሉም ሊጨምር ይችላልና። በዚያን ጊዜ ቶሎ ቶሎ መለካት፤ ውኃ መጠጣትና ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። ቍጥሩ በተስተካከለ ጊዜም «ድኛለሁ» ብሎ መርፌውን መተው፤ ሒሳቡ ስለ ተስማማ መዝገቡን ቀድዶ እንደ መጣል ነው።

እንግዲህ ወደ ሐኪም ቤት የምትሄዱ ሁሉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያላችሁም ቍጥሩን በመጻፍ እርዱት።